ሃምሳ አራት ጨዋታ

ባለፈው ሰኔ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እኔና ባለቤቴ መደማመጥ ባቃተን አንድ ምሽት፣ ሜልቦርን የምትኖረው ትልቋ ልጃችን ደወለች። እኛ ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ እነሱ ዘንድ ሊነጋ ምንም አልቀረውም። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሌሊት ተረኛ ናት። ከሥራ ላይ የምትደውለው አንድ ነገር ሲከብዳት ብቻ መሆኑን ስለምናውቅ፣ ባለቤቴ ስልኩን እንዳየችው ወደ እኔ ገፋችው።

«አባባ፣ እባክዎ ልጁን አንድ ነገር ይበሉልኝ» አለች።

ልጁ የመጀመሪያው የልጅ ልጄ ነው። 16 ዓመት ሆኖታል። አማርኛው የተሰባበረ ነው። ስልክ ባነሳ ቁጥር «አባባ፣ እንዴት ነህ?» ይለኛል፤ እናቱ ከኋላ «ነዎት በል!» ስትለው ይሰማኛል፤ እሱም «እንዴት ነህ ነዎት?» ብሎ ሁለታችንንም ያስታርቃል። ጎበዝ ልጅ ነው። ኳስ ይጫወታል።

ኳስ ስል ግን እናንተ የምታስቡትን ኳስ አይደለም። የእነሱ ኳስ ክብ አይደለም፤ ግቢያችን ውስጥ የሚበቅለውን ፓፓያ ይመስላል። ሜዳውም ሞላላ ነው። በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። ግቡ መረብ የለውም፤ በየጫፉ አራት ረጃጅም ምሰሶ ቆሟል። ኳሱ በእግር ተመትቶ በመካከለኞቹ ሁለት ምሰሶዎች መሐል ካለፈ 6 ነጥብ፣ ወደ ጎን ስቶ በዳርኞቹ በኩል ካለፈ 1 ነጥብ ይሰጣል። ለሳተ ሰው ነጥብ የሚሰጥ ጨዋታ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። 34 ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንዲህ ያለ እርማት ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ ይመርቁኝ ነበር። በአንድ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል። ኳሱ ከላይ ሲወርድ አንዱ የሌላውን ትከሻ እንደ መሰላል ረግጦ ይወጣና ይቀልበዋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዳኛው ቅጣት ይሰጣል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ፉቲ» ይሉታል።

መምህር ጡረታ ቢወጣም ማንበብ አይተውምና ስለ ነገሩ ጥቂት አነበብኩ። ሕጉ መጀመሪያ የተጻፈው እዚያው ሜልቦርን እ.ኤ.አ. በ1859 ነው፤ እኛ ዘንድ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። የዋንጫው ፍጻሜ የሚደረግበት ትልቁ ስታዲየም ደግሞ ለእኛ ጨርሶ ባዕድ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው፤ በኋላ በሜክሲኮ በማራቶን ወርቅ ያገኘው ማሞ ወልዴ ገና በወጣትነቱ የሮጠው በዚያ ሜዳ ነው። ይህንን ለልጅ ልጄ ስነግረው «እውነት? ኤምሲጂ ላይ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ አክብሮት በእሱ ዘንድ ከፍ ብሏል፤ የሮጥኩት እኔ እስኪመስል ድረስ።

ልጄን የከበዳት ነገር ይህ ነበር። ክለቦቹ ወላጆቻቸው ከአፍሪካና ከእስያ ለመጡ፣ እንዲሁም ለአገሬው ተወላጅ ልጆች ያዘጋጁት አካዳሚ አላቸው። ልጁ ወደ አንዱ ገብቷል። አሠልጣኙ «18 ዓመት ሲሞላው ሊመረጥ ይችላል» ብሏታል። እዚያ አገር አንድ ወጣት የፈለገው ክለብ ሄዶ አይፈርምም፤ በየዓመቱ ኅዳር ገደማ ክለቦቹ በተራ ይመርጣሉ፣ የመረጠው ክለብ ያለበት ከተማ የትም ይሁን የት ልጁ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ልጁም ይህን ከሰማ ወዲህ ኬሚስትሪና ከፍተኛውን ሒሳብ ልተው፣ ቀለል ያለ ትምህርት ልውሰድ እያለ ነው።

«እርስዎ መምህር ነበሩ፣ እርስዎን ይሰማዎታል። ትምህርት ይበልጣል ይበሉልኝ፤ በቃ።»

እሺ አልኳት። ምን ይከብዳል? ይህንን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተናገርኩት እግዚአብሔር ይቁጠረው። ስልኩ ተዘጋ። ዝናቡ ግን አላቆመም፤ እኔም ጣራውን ቀና ብዬ አየሁት።

ስለዚያ ጣራ መናገር አለብኝ።

ሁለተኛው ልጃችን ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ በካልሲ ኳስ ነው ያደገው። ከዚያ ፕሮጀክት ገባ፤ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ባዶ ሆዱን ወጥቶ በሐይቁ ዳር ሲሮጥ፣ ደንገል ጭነው ከሚመጡት ታንኳዎች ጋር ይሽቀዳደም ነበር። ግራ እግር ነበረው። በ2008 ዓ.ም. 19 ዓመቱ ሲሆን ሁለት ነገር በአንድ ወር መጣለት፤ ዩኒቨርሲቲ ደረሰው፣ በሌላ ከተማ ያለ አንድ የከፍተኛ ሊግ ክለብም ሊያስፈርመው ፈለገ። የክለቡን ስም አልጠራም፤ እሱ ዛሬ ጉዳዬ አይደለም።

የሰው ልጅ ሁሉ አማካሪ ሆኜ የኖርኩ ሰው በዚያ ወር ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። የፊርማው ገንዘብ የእኔን የመምህርነት ደመወዝ ብዙ እጥፍ ነበር። የቤታችን ጣራ ደግሞ ዝጎ ክረምት በመጣ ቁጥር ሳፋ ስንደቅን ነው የምናድረው። ልጁ «አባባ፣ ዩኒቨርሲቲውን በኋላ እማራለሁ፤ ጣራውን ላሠራው» አለኝ። እኔም «ዕድል ሁለት ጊዜ አይመጣም፣ ፈርም» አልኩት። ትምህርትን ለሌላው ልጅ ሁሉ የመከርኩ ሰው ለራሴ ልጅ ስሆን በቆርቆሮ ተለወጥኩ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝም ስትል አለመስማማቷ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እንዳላወቀ ሆንኩ።

ለሁለት ዓመት ተኩል ተጫወተ። ጥሩ ነበር። ቅዳሜና እሑድ አውቶቡስ ይዤ ሄጄ አየው ነበር፤ ኳስ በግራ እግሩ ሲነካ አጠገቤ የተቀመጠውን የማላውቀውን ሰው «የእኔ ልጅ ነው» እለው ነበር። አንድ ጊዜ አንዱ «አውቃለሁ፣ አሁን ነገሩኝ እኮ» ብሎኛል።

ከዚያ በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዞር ሲል ወደቀ። የቡድኑ ወጌሻ በረዶ አደረገለት፣ አሸው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ «ትችላለህ» ተብሎ ገባ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲወድቅ ጉልበቱ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁት ይላል። አዲስ አበባ ወስጄ በማሽን አስነሳነው፤ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናና ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ወር፣ ምናልባትም ዓመት ክትትል እንደሚያስፈልገው ነገረን። ክለቡ በሰኔ ውሉ ሲያልቅ አላደሰለትም። የመጨረሻዎቹ ወራት ደመወዝም አልተከፈለውም። ቀዶ ጥገናውን የሚከፍል አልተገኘም፤ እኛም አልቻልንም።

ያ ክረምት ለባሕር ዳር የደስታ ክረምት ነበር። የጣና ሞገዶቹ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደጉት በዚያው ዓመት ነው። ባጃጁ ሁሉ ጥሩንባ ይነፋል፣ ልጆች በየመንገዱ ይጨፍራሉ። የእኔ ልጅ ከእነዚያ ልጆች ጋር በተቃራኒ ወገን ሆኖ የተጫወተ፣ አንዳንዶቹንም በስም የሚያውቅ፣ ጓዳ ውስጥ ትራስ ጉልበቱ ሥር አድርጎ ተኝቷል። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ብሔራዊ ቡድናችን አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ጨዋታው እዚሁ ባሕር ዳር ስታዲየም ነበር፤ የሱራፌል ዳኛቸውና የሽመልስ በቀለ ጎል ሲገባ የሕዝቡ ጩኸት እቤታችን ድረስ ደረሰ። ትኬት ገዝቼለት ነበር። አልሄደም። ትኬቱን ለጎረቤት ልጅ ሰጠው።

እኔስ ምን አደረግሁ? ስለ ኳስ ማውራት አቆምኩ። ልቡ እንዳይቆስል ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ ሲጀመር ዜና እቀይራለሁ። ማሊያዎቹን ባለቤቴ አጥባ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ብቻ አንዳንድ ጊዜ «ዩኒቨርሲቲውን የማታ ብትጀምርስ?» እለዋለሁ። «እሺ አባባ» ይለኛል። ጎንደርና ጎጃም ተወልዶ አባቱን እምቢ የሚል የለም፤ እሺ ብሎ መተው ነው እንጂ።

ዛሬ 29 ዓመቱ ነው። የጀልባ ሞተር ይጠግናል፣ ሰው ሲኖር ወደ ዘጌ ይወስዳል። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ የሚወስደው ለገዳማቱ የሚሳለመውን ምዕመንና ቡናና ማገዶ የሚያመላልሰውን ነጋዴ ነው። ሲራመድ አያነክስም። ደረጃ ሲወርድ ብቻ ቀኝ እጁ ግድግዳ ይፈልጋል።

እንግዲህ ያ ጣራ ነው በሰኔ ምሽት ከላዬ የሚጮኸው። ለልጅ ልጄ ልናገር ያሰብኩት ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ከመደወል ይልቅ ማንበብ ያዝኩ። ለአንድ የአፍሪካ ልጅ ይህ ፉቲ የሚባለው ነገር ምን ዓይነት እንጀራ ነው? ክለቦቹ 18 ናቸው፤ እያንዳንዱ ከ40 ትንሽ የሚበልጥ ተጫዋች ይይዛል። ማባዛት ለለመደ ሰው ግልጽ ነው፤ በዚህ ጨዋታ ሙሉ ጊዜውን ሠርቶ የሚኖር ወንድ በዓለም ላይ ከ800 ብዙም አይዘልም። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። የመጀመሪያ ውላቸው ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት ነው። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። የእኛ ኳስ ተጫዋች አንዱ ክለብ ቢጥለው ሌላ አገር አለለት። ሳላዲን ሰይድ ግብፅ ተጫውቷል፣ ቤልጂየም ሄዷል፣ አልጄሪያ ሄዷል። ጌታነህ ከበደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ፉቲ ግን አገሩ አንድ ነው። እዚያ «አትፈለግም» የተባለ ልጅ ያንን የፓፓያ ኳስ ይዞ የት ይሄዳል?

የልጅ ልጄ በስልክ የሚጠራልኝ ሁለት ስም አለ። አንዱ ቻንግኩት ጂያት ነው። «አባባ፣ ኢትዮጵያ ነው የተወለደው!» ይለኛል፤ እኔ አላምነውም ብሎ ሠግቶ ሦስት ጊዜ። እውነቱን ነው። ቤተሰቡ ደቡብ ሱዳናዊ ናቸው፤ እሱ እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 ተወልዶ በልጅነቱ አውስትራሊያ ገባ። ከሜልቦርን ራቅ ባለች ሞርዌል በምትባል ከተማ አደገ። የልጅ ልጄ በገባበት ዓይነት አካዳሚ አልፎ ሃውቶርን የሚባል ክለብ ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ታናሽ ወንድሙን ቴውንም እ.ኤ.አ. በ2023 ኮሊንግውድ መረጠው። ሁለት ልጅ ከአንድ ቤት! እናታቸውን አሰብኳት። ከኋላ ከኋላ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ሲያዩት ሚዳቋ ነው የሚመስለው። ጉዳት ግን ደጋግሞታል፤ አንድ ጊዜ ደህና ሲሆን አንድ ጊዜ ሲተኛ፣ ጉልበቱም ተጎድቶ ያውቃል።

ሁለተኛው ማጃክ ዳው ነው። ካርቱም ተወልዶ፣ በግብፅ በኩል አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ከቤተሰቡ ጋር አውስትራሊያ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኖርዝ ሜልቦርን ሲወስደው በዚያ ሊግ ታሪክ ሱዳን ተወልዶ ለክለብ የበቃ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪሰለፍ ሦስት ዓመት ከምናምን ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሚያዝያ ገደማ ሜዳ ገባ፤ የመጀመሪያዋን ኳስ መታ፤ 6 ነጥብ። የልጅ ልጄ ያንን ቪዲዮ ልኮልኝ እኔና ባለቤቴ ደጋግመን አይተነዋል። ጓደኞቹ ሁሉ ሲያቅፉት የልጁ ፊት ላይ ያለውን ሳቅ ባለቤቴ «ይህ ልጅ እናቱን ነው የሚያያት» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል አይደለም። ይሰለፋል፣ ይወጣል፣ ይጎዳል፣ እንደገና ይለመዳል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ከባድ ጭንቀት ውስጥ ሳለ ከድልድይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሰው ሁሉ በቃው ሲል እ.ኤ.አ. በ2020 ተመልሶ ተጫወተ። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ክለብ ሄዶ ሳይሰለፍ ኳሱን አቆመ። በኋላም ስለዚያ ጭንቀት በአደባባይ ተናግሯል፤ ሌሎች ወጣቶች ችግራቸውን አውጥተው እንዲናገሩ ብሎ።

ሁሉም ተደምሮ ስንት ጨዋታ ተጫወተ? 54።

ወረቀት አወጣሁ፤ ልማድ ነው። አንድ ጨዋታ የባከነው ተጨምሮ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። 54 በ2 ሲባዛ 108 ሰዓት። ለ24 ሲካፈል አራት ቀን ተኩል። አንድ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የደከመበት፣ ቤተሰብ የጸለየበት፣ አንድ ማኅበረሰብ በሙሉ ቀና ብሎ የሄደበት ነገር ከሰኞ ጠዋት እስከ ዓርብ ምሽት የሚደርስ ጊዜ ነው። እርሳሴን አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ስሌት ለልጅ ልጄ ብነግረው ምክሬ በቁጥር የተደገፈ ይሆን ነበር። ስሌቱም ትክክል ነው። ግን ያንን የመጀመሪያ ኳስ ሲመታ ያየሁት ሳቅ የት ይገባል? ከየትኛው ላይ ይቀነሳል?

በጭንቀቱ ላይም ቆየሁ። ጉልበት ሲሰበር ሰው ያያል፣ ወጌሻ ይጠራል። ልጄ ጓዳ ውስጥ በተኛበት በዚያ ክረምት ጉልበቱን በየቀኑ እጠይቀው ነበር፤ «ዛሬ እንዴት አደረ?» እላለሁ። እሱን ራሱን ግን እንዴት አደርክ ብዬ ጠይቄው እንደሆነ ላስታውስ ሞክሬ አቃተኝ።

እሑድ ዕለት ልጄ እንደ ልማዱ መጣ። አምባዛ ይዞ መጥቶ ነበር፤ እናቱ ወጡን እስክትሠራ ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። የእኅቱን ጉዳይ ነገርኩት። «ልጁን አንተ አናግረው» አልኩ።

«እኔ ምን እለዋለሁ?»

«የምታውቀውን።»

በቪዲዮ ደወልንለት። ልጁ አጎቱን ሲያይ ፊቱ በራ። እኔ ምክር ይሰጠዋል ብዬ ጠበቅሁ። ልጄ ግን ምንም አልመከረውም፤ ይጠይቀው ጀመር። በሳምንት ስንት ቀን ትሠራለህ? ከጨዋታ በፊት ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ስትዘል በየትኛው እግርህ ታርፋለህ? ጉልበትህ ወደ ውስጥ ይታጠፋል? አሠልጣኙ ቢያምህ ንገረኝ ይልሃል ወይስ ቻለው ይልሃል? ሐኪሙ የክለቡ ነው ወይስ የራስህ? ቢመርጡህ ውሉ ስንት ዓመት ነው? ብትጎዳ ማን ይከፍላል? ልጁ የሚያውቀውን መለሰ፤ የማያውቀውን «እጠይቃለሁ» አለ። በመጨረሻ ልጄ «ኬሚስትሪውን ለምን ትተዋለህ?» አለው።

«ይደክመኛል።»

«እኔ ጉልበቴ ሲበጠስ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ አልገባኝም ነበር። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የውሉም ወረቀት ያው። ሁለቱንም ሳላነብ ነው የፈረምኩት። አንተ እንደዚያ አትሁን። ደክሞህም ቢሆን አንብብ።»

ልጁ ዝም ብሎ ቆየና፣ በተሰባበረ አማርኛው፣ እኛ ሁላችን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያልጠየቅነውን ጠየቀው። «አጎቴ፣ ይቆጭሃል? መጫወትህ?»

ከጓዳ የሽንኩርት መክተፊያው ድምፅ ቆመ። ባለቤቴም እየሰማች ነበር ማለት ነው።

«መጫወቴ አይቆጨኝም» አለ ልጄ። «23 ጨዋታ ተጫውቻለሁ። እያንዳንዱን አስታውሳለሁ፤ ሜዳውን፣ ነፋሱን፣ ማን እንዳቀበለኝ። የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እንዳልተጫወትኩ ሆነ። ማንም አንስቶልኝ አያውቅም። የሞተ ሰው እንኳ ሙት ዓመቱ ይወጣለታል።»

ይህንን ሲናገር ወደ እኔ አላየም። ስልኩን ነበር የሚያየው። እኔ የፓፓያውን ዛፍ አየሁ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ «23 ነበሩ እንዴ?» አልኩት፤ ሌላ ቃል ስላልመጣልኝ።

«አዎ። እርስዎ ዘጠኙን አይተዋል።»

«ዘጠኝ?»

«አንዱ ላይ ዘግይተው ነው የደረሱ። አውቶቡሱ ጎማ ተንፍሶ። በሁለተኛው አጋማሽ ከግራ በኩል ገብተው ጃኖ ለብሰው ሲቀመጡ አይቼዎታለሁ። ከዚያ ነው ጎሉ የገባው።»

ጎሉን አስታወስኩት። ጃኖውን ረስቼው ነበር። ይቅር በለኝ ልለው ፈልጌ ነበር፤ በእኛ ቤት አባት ለልጁ ይህን ቃል እንዴት እንደሚለው አልተማርኩም። «ስለ ጣራው…» ብዬ ጀመርኩ። «ጣራው ጥሩ ነው፣ አያፈስም» አለኝና ፈገግ አለ። ባለቤቴ ወጡን ይዛ ወጣች። አይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሽንኩርት ነው አለች።

ልጁ ኬሚስትሪውን አልተወም። ከፍተኛውን ሒሳብ ግን ትቶታል፤ ይህ ለእኔ ትንሽ ያማል፣ ግን በስልክ ማባዛት የማልከለክለው ዘመን ውስጥ ነው የምኖረው። አካዳሚውንም እንደያዘ ነው። እናቱ በየሳምንቱ ትሠጋለች፤ በየሳምንቱም ሜዳ ዳር ቆማ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ እንደሆነች ልጁ ነግሮኛል። ይመረጥ አይመረጥ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

የዘንድሮው ፍጻሜ በመስከረም 17፣ በመስቀል ዕለት ዋለ። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኛ ዘንድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል። የደመራው ጭስ ገና ከጋቢዬ አልወጣም፣ ባለቤቴ በአደይ አበባ የተጌጠ ረከቦት ፊት ቡና ታፈላለች። ልጄ የልብሱን ሳጥን ከፍቶ ያንን የድሮ ማሊያ ለብሶ መጣ፤ ሆዱ ላይ ትንሽ ጠቦታል። እኅቱ ስልኳን ቴሌቪዥኑ ፊት አቁማልን አራታችንም፣ የጎረቤቱም ልጅ ጭምር፣ በአንዲት ስልክ ተሰበሰብን። ብሪስቤንና ጂሎንግ ናቸው፤ ከ100,000 ሰው በላይ ታጭቋል። ብሪስቤን 122 ለ75 አሸነፈ። 18 ጊዜ ስድስት፣ 14 ጊዜ ደግሞ ስቶ አንድ አንድ፤ ደምሬ አረጋግጫለሁ።

በእረፍት ላይ የጎረቤቱ ልጅ ማሊያው ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ «ጋሼ፣ እርስዎ የት ነው የተጫወቱት?» አለው። ልጄ መልስ ከመስጠቱ በፊት እኔ ቀደምኩ። ከጃኖውና ከተነፈሰው ጎማ ጀምሬ ስነግረው ልጄ ሁለት ጊዜ አረመኝ። ነፋሱ ከቀኝ ነበር አለ እንጂ ከግራ አልነበረም።